ወዳጅ ለወዳጁ ስለሚመርጠው መጽሐፍና ዜማ

ሰው ለወዳጁ የሚሰጠው ስጦታ ብዙ ዓይነት ነው። አንዱ በችግር ቀን ገንዘብ ያበድራል፤ አንዱ በሐዘን ቀን ድንኳን ይተክላል፤ አንዱ በሠርግ ቀን ሙክት ይነዳል። ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ዋጋው ትንሽ መስሎ የሚታይ፥ ፍሬው ግን ብዙ ዘመን የሚቈይ አንድ ሌላ ስጦታ አለ። ይኸውም ሰው አንብቦ የተጠቀመበትን መጽሐፍ፥ ሰምቶ የተጽናናበትን ዜማ፥ አይቶ የተማረበትን ሲኒማ ለወዳጁ «ይህን አንብበው፥ ይህን ስማው፥ ይህን እየው» ብሎ ማመልከት ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው ከኪሱ ምንም አይጐድልበትም፤ ተቀባዩ ግን አንዳንድ ጊዜ የሕይወቱ መንገድ እስኪለወጥ ድረስ ይጠቀምበታል።

ይህ ጕዳይ የሥራ ፈቶች ጨዋታ ነው እንጂ የመንግሥትና የቤተ ክህነት ሰዎች ሊያስቡበት የሚገባ አይደለም የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኛ ግን እንደዚህ አይመስለንም። የአንድ አገር ሕዝብ አሳብ የሚታነጸው በአዋጅና በስብከት ብቻ አይደለም። ከሥራ በኋላ በቡና ሰዓት፥ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም፥ በጎረቤትና በባልንጀራ መካከል በሚነገረው ቃልም ይታነጻል። ስለዚህ ወዳጅ ለወዳጁ ምን ይመርጥለታል፥ እንዴትስ ይመርጥለታል ብሎ መጠየቅ ስለ ሕዝብ አእምሮ መጠየቅ ነው።

በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 8 የተጻፈውን የጃንደረባውን ታሪክ ካህናት አንባቢዎቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። የንግሥት ሕንደኬ ባለሟል ከኢየሩሳሌም ሲመለስ መጽሐፍ በእጁ ነበረ፤ ማንበብም ያውቅ ነበረ፤ በሠረገላው ተቀምጦም የኢሳይያስን ትንቢት ያነብ ነበረ። ሆኖም ፊልጶስ ቀርቦ የምታነበውን ታስተውለዋለህን ብሎ በጠየቀው ጊዜ፥ የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይቻለኛል የሚል መልስ ሰጠው። እንግዲህ ለዚህ ታላቅ ሹም የጐደለው መጽሐፍ አልነበረም፤ አብሮት በሠረገላው የሚቀመጥ ሰው ነበረ እንጂ። ዛሬም መጽሐፍ በሞላበት ከተማ ሆነው የሚያነቡትን ያጡ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ የጐደላቸውም ይኸው ነው።

በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን የኖረው ልማድም ይህንኑ ያስረዳል። ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ ከአገሩ ሲወጣ የሚመራው ከእርሱ በፊት የተማረው ባልንጀራው ቃል ነው። ለድጓ ቤተ ልሔም፥ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፥ ለአቋቋም ጎንደር ሂድ ይለዋል። ቅኔ ለሚማረውም ከዋሸራ፥ ከጎንጅና ከዋድላ የትኛው ለጠባዩ እንደሚስማማ ይነግረዋል። መካሪው በዚያ መምህር እግር ሥር ተቀምጦ የተራበና የተማረ ስለ ሆነ ቃሉ ይታመናል። እንዲሁም በአንድ ደብር የተሰማ ያማረ ቅኔ በሰሚው ቃል ተይዞ ወደ ሌላው ደብር ይሄዳል፤ በሚሄድበትም ጊዜ የባለቤቱ ስም አብሮት ይሄዳል። ስሙን ደብቆ ቅኔውን ብቻ የሚያቀብል ሰው በሊቃውንት ዘንድ ነውረኛ ነው። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

መጻሕፍት ከአገር ወደ አገር የተሻገሩትም በዚሁ መንገድ ነው። የበረላምና የይዋሰፍ ታሪክ መነሻው በሕንድ አገር ሆኖ፥ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ፥ ከሃይማኖት ወደ ሃይማኖት እየተላለፈ መጥቶ፥ በ16ኛው መቶ ዓመት በዐጼ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት በእጨጌ ዕንባቆም ድካም ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ተመለሰ። ከሕንድ እስከ ደብረ ሊባኖስ ባለው በዚህ ረጅም መንገድ ላይ መጽሐፉን የተረጐመ ሁሉ፥ «ይህ ለእኔ ብቻ አይቅር፥ ወገኖቼም ያንብቡት» ያለ ሰው ነው። ትርጕም ማለት ለማይተዋወቁ ወዳጆች መጽሐፍ ማመልከት ነው።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በኢትዮጵያ የሚገኙትን መጻሕፍት ቈጥረው በ1904 ዓ.ም. ዝርዝራቸውን አሳትመው ነበር፤ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ አስፍተው እንደገና አወጡት። የዚያን ጊዜ አንባቢ የትኛው መጽሐፍ እንዳለ እንኳ የሚያውቅበት መንገድ ጥቂት ስለ ነበረ፥ እንዲህ ያለው ዝርዝር ራሱ የወዳጅ ሥራ ነበረ። በኋላም ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ በተተረከ ጊዜ፥ ፊደል ያልቈጠረው ገበሬና የቤት እመቤት ሳይቀሩ የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ታሪክ ሰሙ። አንድ ሰው በመልካም ድምፅ ያነበበው መጽሐፍ የብዙ ሺሕ ሰዎች ወዳጅ ሆነ።

ከዚህ ጋራ ሹማምንት ሊያስታውሱት የሚገባ አንድ ሌላ ታሪክ አለ። በ1975 ዓ.ም. የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ታትሞ ወጣ፤ ወዲያውም ከየመደብሩ እንዲሰበሰብ ተደረገ። ደራሲው በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። መጽሐፉ ግን አልቀረም፤ ከእጅ ወደ እጅ፥ ከታመነ ወዳጅ ወደ ታመነ ወዳጅ እየተላለፈ ተነበበ። ደራሲውን ማጥፋት የቻለ ኀይል ወዳጅ ለወዳጁ የሚያቀብለውን መጽሐፍ ማጥፋት አልቻለም። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ሰዎች በመካከላቸው የሚመራረጡትን ንባብ በኀይል ለማቆም የሚደክም መንግሥት ድካሙ ከንቱ ነው፤ ደግሞም በታሪክ ፊት ያፍርበታል።

ወደ ሙዚቃ ስንመጣ የምንናገረው ነገር ከዚህ ያነሰ አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1984 ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ ከአዲስ አበባ የተመለሰ ወዳጁ ባመጣው ሸክላ የማሕሙድ አሕመድን ድምፅ ሰማ። የሰማው ነገር ልቡን ስለ ነካው ለወዳጆቹ ማሰማት ጀመረ፤ ቈይቶም ራሱ ወደ አዲስ አበባ መጣ። የማሕሙድ «እሬ መላ መላ» በ1986 በቤልጅግ አገር እንደገና ታተመ፤ በኋላም ፋልሴቶ «ኤትዮፒክ» በሚል ስም የሚያወጣቸው ተከታታይ የሙዚቃ ዲስኮች ከሃያ አምስት በላይ ሆኑ። የጥላሁን ገሠሠ፥ የሙላቱ አስታጥቄ፥ የጌታቸው መኵሪያ፥ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ሥራ ለዓለም የተሰማው በዚህ ምክንያት ነው። መነሻው ግን የአንድ ሰው ወዳጅ ከመንገድ ሲመለስ የያዘው አንድ ሸክላ ነበረ።

የነገሩ ምሳሌ በሲኒማም ተሠርቷል። አሜሪካዊው ጂም ጃርሙሽ በ2005 ባወጣውና በዚያው ዓመት በካን ከተማ በተሸለመው «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልም ውስጥ፥ ዊንስተን የሚባል ትውልደ ኢትዮጵያዊ ሰው ብቻውን ለሚኖር ጎረቤቱ ለመንገዱ ስንቅ የሚሆን ሙዚቃ ቀድቶ ይሰጠዋል። በፊልሙ ውስጥ የሚሰማው የሙላቱ አስታጥቄ ዜማ ያ የጎረቤት ስጦታ ነው። ፊልሙን ያዩ ብዙ የውጭ አገር ሰዎችም የኢትዮጵያን ዜማ የተዋወቁት ከዚህ የተነሣ ነው።

ኃይሌ ገሪማም በ1993 «ሳንኮፋ» የተባለውን የባርነት ታሪክ ፊልም በጨረሰ ጊዜ በአሜሪካ የሚያከፋፍልለት ድርጅት አጣ። ስለዚህ የሲኒማ ቤቶችን ራሱ ከባልደረቦቹ ጋራ እየተከራየ ማሳየት ጀመረ። ትልቅ ማስታወቂያ የሚከፍልበት ገንዘብ አልነበረውም፤ ያየው ሰው ላላየው እየነገረ፥ አብያተ ክርስቲያናትና ማኅበራት እየተቀባበሉት ግን ከከተማ ወደ ከተማ ተሻገረ። በኋላም እርሱና ባለቤቱ በዋሽንግተን ከተማ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት በዚያው ፊልም ስም የመጽሐፍና የፊልም መደብር ከፈቱ። የሰው አንደበት ከገንዘብ ይልቅ ሩቅ ሊሄድ እንደሚችል ይህ ጥሩ ምስክር ነው።

እንግዲህ በዘመናችን ይህ ልማድ ምን ሆነ ብለን እንጠይቅ። ዛሬ በየሰዉ እጅ ያለው ስልክ ሳይጠየቅ ይመክራል። ትናንት የሰማኸውን ቈጥሮ፥ ስንት ደቂቃ እንደ ተመለከትህ መዝግቦ፥ ያንን የሚመስል ሌላ ያቀርብልሃል፤ እርሱንም ስትጨርስ ሌላ ያስከትላል። በፍትሕ ለመናገር ጥቅም የለውም አንልም። ሸክላውና ካሴቱ የጠፋ ያረጀ ዜማ፥ በሩቅ አገር የታተመ መጽሐፍ በዚህ መሣሪያ ይገኛል፤ በስደት ያለው ወገናችንም የአገሩን ቅዳሴና ዘፈን የሚሰማው በዚሁ ነው። ነገር ግን መሣሪያው የሚያውቀው ትናንት የወደድኸውን ብቻ ነው፤ ነገ የሚያስፈልግህን አያውቅም። አባትህ እንደ ሞተ፥ በሹመትህ እንደ ታበይህ፥ በፍርድህ እንደ ተጠራጠርህ አያውቅም። ወዳጅ ግን ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህም አንዳንድ ጊዜ የማትወደውን፥ ነገር ግን የሚጠቅምህን መጽሐፍ በእጅህ ያኖራል።

ከዚህም የሚብስ ነገር አለ። መሣሪያው የምንወደውን ብቻ እያቀረበ ሲሄድ፥ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ወገን ቃል ብቻ እየሰማ በጓዳው ይዘጋል። አንዱ የሌላውን ታሪክ ሳያነብ፥ ዘፈኑን ሳይሰማ፥ ሐዘኑን ሳያውቅ ይፈርድበታል። በአገራችን በቅርብ ዓመታት ያየነው ጥላቻና ደም መፋሰስ ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም፥ አለመተዋወቅ ከምክንያቶቹ አንዱ እንደ ሆነ ማን ይክዳል? የኦሮምኛ ቋንቋ የማያውቅ ሰው የዓሊ ቢራን ዜማ ሰምቶ ቃሉን ተርጕሙልኝ ብሎ ወዳጁን ሲጠይቅ፥ በሁለቱ መካከል አንድ ግድግዳ ይፈርሳል። የትግርኛው ለአማርኛው፥ የአማርኛው ለወላይትኛው፥ የሶማልኛው ለአፋርኛው «የእኛን ይህን ስማ» ቢለው፥ ከብዙ ስብሰባ የሚበልጥ ሥራ ይሠራል። ይህን ስልክ አያደርገውም፤ ወዳጅ ግን ያደርገዋል።

ስለዚህ ወዳጅ ለወዳጁ በሚመርጥበት ጊዜ ሊጠብቃቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ ብለን እናምናለን።

አንደኛ፥ ሰው ያላነበበውን አይምከር። ስሙ ገናና ስለ ሆነ ብቻ፥ ወይም የተማረ ለመባል፥ ገልጦ ያላየውን መጽሐፍ የሚያወድስ ሰው ሐሰተኛ ምስክር ነው። አንድ ጊዜ ከታወቀበትም በሁለተኛው ቃሉ የሚያምነው አያገኝም።

ሁለተኛ፥ የሚመክረውን ሰው ይወቅ። ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው ይባላል፤ በመጽሐፍ ግን እንደዚህ አይደለም። በአንድ ቀን የዐሥር መጻሕፍት ስም የተቈጠረለት ሰው አንዱንም አያነብም። ለሰውዬው ጊዜና ችሎታ የሚስማማ አንድ መጽሐፍ ይበቃዋል፤ እርሱን ሲጨርስ ሁለተኛውን ራሱ ይጠይቃል።

ሦስተኛ፥ ምክንያቱን ይንገር፥ ጕድለቱንም አይሸሽግ። «ጥሩ ነው» ማለት ብቻ ምክር አይባልም። ይህ መጽሐፍ ስለ ዳኝነት ያስተምራል፥ መካከሉ ግን ይረዝማል፤ ይህ ፊልም እውነት አለው፥ ለሕፃናት ግን አይሆንም ብሎ የሚናገር ሰው የታመነ ነው።

አራተኛ፥ የተዋሰውን ይመልስ። መጽሐፍ የሚያውስ ሞኝ ነው፥ ተውሶ የሚመልስ ግን የባሰ ሞኝ ነው ሲባል እንሰማለን። ቀልዱ ያስቃል፤ ነገር ግን ብዙ የመጽሐፍ ሣጥን የዘጋው ይህ ቀልድ ነው። አባቶቻችን በብራና መጽሐፍ መጨረሻ ላይ የሰረቀውንና የፋቀውን በሐዋርያት ሥልጣን ያወግዙ የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም። ለአንድ መጽሐፍ የብዙ ፍየሎች ቆዳና የብዙ ወራት የጸሐፊ ድካም ይወጣበት ነበርና።

አምስተኛ፥ ማመልከትንና መዝረፍን ይለይ። ከላይ ስለ ቅኔ የተናገርነው እዚህ ላይ ይመጣል። ዛሬ አንዳንድ ሰው ወዳጁን የሚጠቅም መስሎት ገና ከማተሚያ ቤት የወጣውን መጽሐፍ ገጽ በገጽ ፎቶግራፍ አንሥቶ በስልክ ለብዙ ሰው ይልካል፤ አዲስ የወጣውንም ዜማ እንዲሁ ያባዛል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410 ለደራሲው በሕይወት ዘመኑ ሁሉ፥ ለወራሾቹም ከሞተ በኋላ 50 ዓመት በሥራው የመጠቀም መብት ሰጥቷል። አንድን መጽሐፍ ማዋስና አንድን መጽሐፍ ለሺሕ ሰው አባዝቶ መላክ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ለደራሲው አንባቢ ያበዛለታል፤ ሁለተኛው ግን እንጀራውን ይነጥቀዋል። የመጽሐፍ ዋጋ መናሩን፥ የወረቀት ዋጋም መክበዱን እናውቃለን፤ ድኻው ተማሪም ማንበብ ይገባዋል። መፍትሔው ግን በሦስትና በአራት ሆኖ አንድ መጽሐፍ በማኅበር ገዝቶ መቀባበል ነው። ዕቁብና ዕድር የፈጠረ ሕዝብ የመጽሐፍ ዕቁብ ማቋቋም አያቅተውም።

ለሹማምንት በተለይ የምንናገረው አለን። የበላይ ሹም ለበታቹ «ይህን መጽሐፍ አንብብ» ባለ ጊዜ፥ ምንም እንኳ እርሱ ምክር ቢመስለው፥ በሰሚው ጆሮ ትእዛዝ ሆኖ ይገባል። የበታቹ መጽሐፉን ይገዛል፥ በጠረጴዛው ላይ ያኖረዋል፥ ሳያነብም ያመሰግነዋል። መጽሐፉ የሹሙ የራሱ ድርሰት በሆነ ጊዜ ደግሞ ነገሩ ከምክርነት ወጥቶ ግብር ይመስላል። ስለዚህ ብልህ ሹም ማዘዝን ትቶ መጠየቅ ይጀምር። «አንተስ በዚህ ወር ምን አነበብህ? ለእኔ የሚሆን ምን አለህ?» ብሎ የበታቹን የሚጠይቅ ሹም፥ እርሱም ይማራል፥ የበታቹንም ያከብራል። ከተጠያቂውም ቀን ጀምሮ በዚያ መሥሪያ ቤት ማንበብ ክብር ይሆናል።

ለካህናትም እንዲሁ። በአዲስ አበባ መጀመሪያ የተከፈተውን የሲኒማ ቤት ሕዝቡ የሰይጣን ቤት ብሎ እንደ ጠራው ይታወቃል። ያን ስም ያወጣለት ካየው ይልቅ ያላየው ሳይሆን አይቀርም። ካህን ያላነበበውን መጽሐፍና ያላየውን ፊልም አትንኩ ብሎ ቢያወግዝ፥ ወጣቱ ተደብቆ ያየዋል፤ አይቶም ከውግዘቱ ያነሰ ነገር ቢያገኝ የካህኑን ቃል በሌላውም ነገር ይጠራጠራል። አንብቦና መርምሮ ይህ ይጠቅማል፥ ይህ ይጐዳል፥ ስለዚህና ስለዚህ ብሎ የሚያስረዳ አባት ግን ይሰማል። በተለይም የግዕዙን መጽሐፍ፥ የቅዱስ ያሬድን ዜማ፥ የሊቃውንቱን ትርጓሜ ለአዲሱ ትውልድ የሚያመለክተው ካህኑ ካልሆነ ሌላ ማን አለ? ወጣቱ የማይቀምሰው ጠልቶ አይደለም፤ የሚያቀምሰው ስላጣ ነው እንጂ።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብና አዲስ መሥሪያ ቤት የሚጠይቅ አይደለም። ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ሕዝብን ያገለገለው ወመዘክር አለ፤ በ2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው አብርሆትም አለ፤ በየክፍላተ ሀገሩም እንደ ዐቅማቸው የንባብ ቤቶች አሉ። ቤቱ ብቻ ግን አንባቢ አይፈጥርም፤ ሰው ወደዚያ የሚገባው ወዳጁ እጁን ይዞ ሲያስገባው ነው። በየመሥሪያ ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ፤ ከዝውውርና ከስብሰባ ማስታወቂያ ጐን አንድ ቦታ ይተውና፥ የፈለገ ሠራተኛ ያነበበውን መጽሐፍ ስም፥ ለምን እንደ ወደደውም በሁለት መስመር ይጻፍበት። በየደብሩ ሰበካ ጉባኤና ሰንበት ትምህርት ቤት በወር አንድ ጊዜ አንድ ሰው ያነበበውን መጽሐፍ ለጉባኤው ይተርክ። በየቤቱም አባትና እናት ልጃቸው የሚሰማውን ዜማ ከመንቀፋቸው በፊት አንድ ጊዜ አብረውት ይስሙ፤ ከዚያም የእነርሱን ዘመን ዜማ ያሰሙት። ልጁ የተከበረ ጆሮ ካገኘ፥ እርሱም ጆሮውን ይሰጣል።

አንባቢ ሆይ፥ በቤትህ ሣጥን ውስጥ አንብበህ የጨረስኸው፥ ከዚያም ወዲህ አቧራ የለበሰ አንድ መልካም መጽሐፍ ሳይኖር አይቀርም። ለማን እንደሚሆን ዛሬ አስብ። በደስታ ቀን እንጀራ የምታጋራቸው ወዳጆችህን ከዕውቀትህም አጋራቸው። የተበላ እንጀራ ያልቃል፤ የተነበበ መጽሐፍ ግን ለአሥር ሰው ቢታደልም አያልቅም። የሚመክር ወዳጅ፥ ምክርንም የሚቀበል ልብ እግዚአብሔር አያሳጣን።